የጠረፍ ሒሳብ በማን ይወራረድ?

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው በየማለዳው አንድ ትንሽ ጠብ ሳያይ አይሳፈርም። ጠቡ የሚነሣው በሁለት ወዳጆች መካከል ነው፤ ምክንያቱም «እኔ ልክፈል፥ የለም እኔ ነኝ የምከፍለው» የሚል ነው። አንደኛው የሁለተኛውን እጅ ጠምዝዞ ይይዛል፤ ሁለተኛው በነጻው እጁ ብሩን ለረዳቱ ያቀብላል፤ ረዳቱም ፈጥኖ የደረሰውን ተቀብሎ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል። ባለፈው ማክሰኞ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ይህንኑ አይቼ ብስቅ፥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፥ «አይግረምህ ልጄ፤ ይህ የሚሆነው ሒሳቡ ትንሽ ሲሆን ነው። ሒሳቡ ከበድ ሲል ሁሉም ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል» አሉኝ።

ሽማግሌው ይህን ሲሉ በቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ደብዳቤ ያነበቡ መሰለኝ። ደብዳቤው በኮሌጅ ሳለን በአንድ ክፍል አብሮኝ ያድር ከነበረ ወዳጄ የመጣ ነው። ወዳጄ ዛሬ በምዕራቡ ጠረፍ ባንድ ወረዳ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። የእርሱንም ሆነ የወረዳውን ስም አልጽፍም፤ እርሱ ገና የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ ሠራተኛ ነው፥ እኔም ወዳጅ ማጣት አልሻም። ደብዳቤው እንዲህ ይላል።

«ባለፈው ክረምት ከወሰን ማዶ የመጡ ታጣቂዎች የአንድ ቀበሌ ከብት ነድተው ሄዱ። የወረዳው ፖሊስና የቀበሌው ሚሊሺያ ሦስት ቀን ተከታተሏቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ነዳጁ፥ ዳቦው፥ ውኃው፥ የፈነዳው የመኪና ጎማ ሳይቀር ከእኛ ቢሮ ተከፈለ። አንድ ሚሊሺያ ሞተ፤ የቀብሩን ወጪ እኛው ሸፈንን። ገንዘቡ የወጣው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዴስክ መግዣ ከተያዘው ነው፤ ሌላ ገንዘብ አልነበረም። ይተካልን ብለን ለዞን ጻፍን፤ ዞኑ ለክልል አስተላለፈ፤ ከክልል የመጣው መልስ የአገር ወሰን መጠበቅ የፌዴራል ሥራ ነው የሚል ሆነ። ከዚያ በላይ ስንጠይቅ ደግሞ ‹ማን አዘዛችሁ?› ተባልን። ልጆቹ ዛሬም በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። የሟቹ ሚስት በየሳምንቱ ትመጣለች፤ ባሏ በደመወዝ መዝገብ ላይ ስላልነበረ ጡረታ የሚባል ነገር የላትም። አንተ ሥነ ዜጋ ታስተምራለህና፥ ምን ልበላት?»

አንባቢ ሆይ፥ እኔም ምን እንደምላት አላወቅሁም። ስለዚህ መምህር ግራ ሲገባው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ጥያቄውን ለተማሪዎቼ አስተላለፍሁት።

በመጀመሪያ የኢትዮጵያን ካርታ ሰቅዬ፥ ከዐሥራ ሁለቱ ክልሎች መካከል ከውጭ አገር ጋር የሚዋሰኑት ስንት እንደ ሆኑ ቍጠሩ አልኋቸው። አብዛኞቹ አራት ወይም አምስት ይሆናሉ ብለው ጀመሩ። በጣታቸው እየተከተሉ ሲቈጥሩ ግን ዘጠኝ ሆኑ፤ ትግራይ፥ አፋር፥ አማራ፥ ኦሮሚያ፥ ሶማሌ፥ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፥ ጋምቤላ፥ ደቡብ ምዕራብና ደቡብ ኢትዮጵያ። ከውጭ አገር ጋር የማይገናኙት ሐረሪ፥ ሲዳማና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። ጎረቤቶቻችን ስድስት፥ የወሰናችንም ርዝመት ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ፥ «ታዲያ ቲቸር፥ ለብዙ ዘመን ታዳጊ ክልሎች ሲባሉ የኖሩት አፋር፥ ሶማሌ፥ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል አራቱም በጠረፍ ላይ ናቸው ማለት ነው» አለች። ይህን እኔ ራሴ ከዚያ በፊት አላስተዋልሁትም ነበር፤ ላስተዋለች ግን ሁለት ነጥብ ሰጠኋት።

ቀጥለን ሕገ መንግሥቱን ገለጥን። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ይህ ሕግ በነገሩ ላይ ዝም አላለም። አንቀጽ 51 የመከላከያና የፌዴራል ፖሊስ ኃይልን ማደራጀት፥ ወደ አገር መግባትንና ከአገር መውጣትን፥ የስደተኞችንም ጉዳይ ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል። አንቀጽ 87 ደግሞ የአገርን ሉዓላዊነት መጠበቅ የመከላከያ ሠራዊቱ ተግባር መሆኑን ይናገራል። አንቀጽ 52 ለክልል የፖሊስ ኃይልንና በክልሉ ውስጥ ጸጥታ ማስከበርን ተወለት። እስከዚህ ድረስ ድንበሩ ግልጽ ይመስላል፤ ከወሰን የሚመጣው የፌዴራል፥ በግቢ ውስጥ የሚነሣው የክልል።

ለእኛ ጥያቄ ዋናው ቍልፍ ግን አንቀጽ 94 ነው። ይኸውም ፌዴራሉና ክልሎች እያንዳንዳቸው በሕግ ለተሰጣቸው ሥራ የሚያስፈልገውን ወጪ ራሳቸው ይሸፍናሉ፤ አንዱ ሥራውን ለክልል በውክልና ከሰጠ ግን፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ የውክልናውን ወጪ የሚችለው ውክልናውን የሰጠው ነው ይላል። አንቀጽ 50 ደግሞ ፌዴራሉ መንግሥት ሲያስፈልገው ሥራውን ለክልል በውክልና ሊሰጥ እንደሚችል ይፈቅዳል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያላችሁ ወጣቶች ይህን ቋንቋ በደንብ ታውቁታላችሁ። ለመስክ ሥራ ስትወጡ በመጀመሪያ የሚጠየቀው የትእዛዝ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ያለው ሰው ውሎ አበሉን ይቀበላል፥ ሒሳቡንም ያወራርዳል። ደብዳቤ የሌለው ምንም ያህል ቢደክም፥ ምንም ያህል ደረሰኝ ቢያቀርብ፥ ሒሳብ ሹሙ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ያየውና «በማን ትእዛዝ ሄድህ?» ይለዋል። የወዳጄ ወረዳም የደረሰበት ይኸው ነው። ከብት የሚነዳ ሽፍታ የውክልና ደብዳቤ እስኪጻፍ ድረስ ወንዝ ዳር ቆሞ አይጠብቅም።

ይህ የወረቀት ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ የጋምቤላን ነገር አስታውሱ። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር መንደሮች ላይ ወርደው ከ200 በላይ ሰዎችን ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትንና ብዙ ሺህ ከብት ወሰዱ። አገሪቱ ብሔራዊ ሐዘን አወጀች፤ ሠራዊቱም ሕፃናቱን ለማስመለስ ዘመተ፥ ከፊሎቹም ተመለሱ። ነገር ግን በዚያች ማለዳ በመጀመሪያ በስፍራው የነበረው የመንደሩ ሰው ራሱ ነበር። ጠረፍ ላይ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚገኘው እዚያው የሚኖረው ነው።

በሶማሌ ክልልም እንዲሁ ሆነ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአልሸባብ ተዋጊዎች ከሶማሊያ ወሰን ጥሰው ሲገቡ፥ ለብዙ ቀናት የተዋጋቸው በግንባር ቀደምትነት የክልሉ ልዩ ኃይል ነበር። ይህ ከውጭ አገር የመጣ ጦር ነው፤ በአንቀጽ 51 ብንሄድ የፌዴራል ሥራ ነው። ደሙን ያፈሰሰው ግን ደመወዙን ከክልል ካዝና የሚቀበል ሰው ነው።

ስለ ልዩ ኃይል ከተነሣ አይቀር ትንሽ ቆም ብለን እንየው፤ የነገሩ እሾህ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ሕገ መንግሥቱ ለክልል ፖሊስን ይፈቅዳል እንጂ ልዩ ኃይል የሚል ቃል የለበትም። ነገሩ የተጀመረው በሶማሌ ክልል ነው። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. በአቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ሰፈር ላይ በደረሰው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ከተገደሉ በኋላ የክልሉ ልዩ ፖሊስ ተቋቋመ። ከዚያ ሌሎቹም ክልሎች አንድ በአንድ የየራሳቸውን አደራጁ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከብዙ ክልሎች የተውጣጡ ልዩ ኃይሎች ከመከላከያ ጋር ተሰልፈዋል። በመጨረሻም መጋቢት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት የሁሉም ክልሎች ልዩ ኃይሎች ወደ መከላከያ፥ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲካተቱ መወሰኑን ገለጸ። በአማራ ክልል ከተሞች የተቃውሞ ሰልፎች ተነሡ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ለመዘርዘር ይህ ገጽ አይበቃም፥ ለአንባቢም አዲስ አይደለም።

እኔ እዚህ የማነሣው የሒሳቡን ወገን ብቻ ነው። ክልል የራሱን ኃይል በራሱ ገንዘብ ሲቀልብ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፥ ለመምህርና ለጤና ጣቢያ ይውል የነበረው ብር ወደ ጥይትና ወደ ስንቅ ይሄዳል። ሁለተኛ፥ ያ ኃይል ፊቱን ወደሚያበላው ያዞራል። በሶማሌ ልዩ ፖሊስ ላይ በልዩ ልዩ ጊዜ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ከባድ ክስ አቅርበዋል፤ በዚያን ጊዜ የኃይሉ ተጠሪነት ለማን እንደ ነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው። ስለዚህ ወታደርና ካዝና በአንድ እጅ መሆናቸው ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ወታደሩን ወስዶ የሥራውን ሸክም ለወረዳ መተው ግማሽ መንገድ ነው። ልዩ ኃይሉ ሲካተት የጠረፉ ሌባ አብሮ አልተካተተም። ዛሬ በወዳጄ ወረዳ የሚሮጠው ተራ ፖሊስና ገበሬው ሚሊሺያ ነው።

የታሪክ ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ 1934 ዓ.ም. ትዝ ሳይላቸው አይቀርም። ከዚያ በፊት በጠረፍ ጠቅላይ ግዛት የሚቀመጥ መኰንን የራሱን ጦር ይዞ ይኖር ነበር። ለወታደሩ ደመወዝ አይከፈለውም፤ ገባር ይሰጠዋል። የጠረፍ ጥበቃ ወጪ በመዝገብ ላይ ባይጻፍም በገበሬው ጎተራ ላይ ይጻፍ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934ቱ የአስተዳደር ድንጋጌ አገረ ገዥው በደመወዝ የሚያድር የማዕከላዊ መንግሥት ሹም ሆነ፤ የግል ጦር መያዝ ቀረ፤ ግብሩም ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ይገባ ጀመር። ጦሩም፥ ግብሩም፥ ወጪውም አብረው ተሰበሰቡ። (ለሰፈሬ ክብር ስል ይህን ልጨምር፤ እዚሁ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ የጦር ትምህርት ወስደዋል። ያንን ወጪ ማን ይተካልን ብሎ የጠየቀ ሰው መኖሩን አልሰማሁም።)

ደግሞም በአገራችን የፌዴሬሽን ሒሳብ የተጀመረው በ1987 አይደለም። መስከረም 1 ቀን 1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ፥ መሠረቱ የተባበሩት መንግሥታት በ1943 ዓ.ም. ያወጣው ውሳኔ ነበር። በዚያ ውሳኔ መከላከያ፥ የውጭ ጉዳይ፥ ገንዘብና ወደቦች ለፌዴራሉ መንግሥት ሲሰጡ፥ ለእነዚህ ሥራዎች ከሚወጣው ወጪ ኤርትራ የምትችለው ተገቢ ድርሻዋን ብቻ እንዲሆን ተጽፏል፤ ወደ ኤርትራ የሚገባውና ከኤርትራ የሚወጣው ዕቃ ቀረጥም ለኤርትራ እንዲሆን ተደርጓል። ወረቀቱ መልካም ነበር። ነገር ግን የቀረጡ ድርሻ ክርክር ሳያልቅ፥ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ራሱ አለቀ። ለፌዴሬሽን መፍረስ ምክንያቱ ሒሳብ ብቻ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ሒሳብ አይደለም የሚለውም እንዲሁ።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። በአሜሪካ ይህ ጥያቄ ከመንግሥቱ ጋር እኩል የተወለደ ነው። ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የነጻነት ጦርነት እያንዳንዱ ክልል ለወታደር ሲል ብዙ ዕዳ ገባ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሐሚልተን፥ «ጦርነቱ የጋራ ነበረ፥ ዕዳውም የጋራ ይሁን፤ ማዕከላዊው መንግሥት ይረከበው» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ማሳቹሴትስና ደቡብ ካሮላይና ደስ አላቸው፤ ዕዳቸው ገና አልተከፈለም ነበርና። ቨርጂኒያ ግን ተቈጣች። እርሷ ከዕዳዋ ብዙውን ከፍላ ነበር። የእርሷ ጥያቄ ቀላል ነው፤ የራሴን ከፍዬ ስጨርስ የሌላውን ደግሞ በግብሬ ልከፍል ነውን? ቀድሞ የከፈለ ይቀጣልን?

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ መልሱ አስቸጋሪ ነው። በፈረንጆች 1790 ሰኔ ወር ቶማስ ጀፈርሰን በኒው ዮርክ በሚገኘው ቤቱ ሐሚልተንንና የቨርጂኒያውን ጄምስ ማዲሰንን እራት ጋበዘ። በማዕዱ ላይ ነገሩ ተስማማ፤ ዕዳው ወደ ማዕከል ይሂድ፥ በምትኩ ዋና ከተማው ለደቡቦቹ ቅርብ በሆነው በፖቶማክ ወንዝ ዳር ይሠራ። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ እስከ 21 ሚሊዮን ተኩል ዶላር የሚደርስ የክልሎች ዕዳ ማዕከላዊው መንግሥት ተረከበ። ዋሽንግተን የምትባለው ከተማ እንግዲህ በከፊል የሒሳብ ማወራረጃ ደረሰኝ ናት። ከሰባ ዓመት በኋላም፥ በፈረንጆች ሐምሌ 1861፥ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ክልሎች ወታደር ለመመልመልና ለማልበስ ያወጡትን ለመተካት ኮንግረሱ ሕግ አወጣ። ሕጉ የወጣው በአንድ ወር፥ ሒሳቡ የተጣራው ግን በብዙ ዐሥርት ዓመታት ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ የቴክሳስ ጉዳይ አለ። አገረ ገዥው ግሬግ አቦት በፈረንጆች መጋቢት 2021 ከሜክሲኮ ጋር ባለው ወሰን ላይ ትልቅ ዘመቻ ጀመሩ፤ የክልሉን ብሔራዊ ዘብና ፖሊስ አሰማሩ፥ የሽቦ አጥርና ግንብም አስገነቡ። ወጪው ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ማንም አላዘዛቸውም፤ እንዲያውም በዚያን ጊዜ የነበረው የዋሽንግተን መንግሥት በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ላይ ስላስቀመጡት ተንሳፋፊ አጥር ፍርድ ቤት አቁሟቸዋል። በዋሽንግተን መንግሥት ሲለወጥ ግን በጥር 2017 ዓ.ም. አገረ ገዥው ገንዘቡ እንዲተካ ጠየቁ፤ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈረመው ትልቅ የበጀት ሕግ ውስጥም ክልሎች ለጠረፍና ለስደተኞች ጉዳይ ላወጡት ወጪ 10 ቢሊዮንና 3 ቢሊዮን ተኩል ዶላር የያዙ ሁለት ፈንዶች ተቋቋሙ።

አንዳንድ ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው እኛም እንደ ቴክሳስ እናድርግ» አሉ። እኔ አልተስማማሁም። ቴክሳስ ሀብታም ናት፤ ትርፍ በጀት ያላት ክልል አራት ዓመት አውጥታ መጠበቅ ትችላለች። የእኛ የጠረፍ ወረዳ አራት ወር መጠበቅ አይችልም። ከዚህም በላይ ያ ገንዘብ እንዲተካ መንገድ የከፈተው የወዳጅ መንግሥት መምጣት ነው፤ መንግሥቱ ባይለወጥ ኖሮ ደረሰኙ በመሳቢያ ይቀር ነበር። ዘመድ ሥልጣን ላይ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሒሳብ፥ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

ደግሞ የፌዴራሉንም ወገን በቅን ልብ መስማት ይገባል። በ2017 በጀት ዓመት ከጸደቀው ወደ 971 ቢሊዮን ብር በጀት ውስጥ ከ220 ቢሊዮን ብር በላይ ለክልሎች ድጎማ የተያዘ ነበር። ድጎማው የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንቀጽ 62 በተሰጠው ሥልጣን በሚያወጣው ቀመር ነው፤ ክልሉም ድጎማውን ለሚሻው ሥራ ማዋል ይችላል። የገንዘብ ሰው «ድጎማውን ሰጥተንሃል፤ ከዚያ ላይ ነዳጅ ግዛ» ቢል መሠረት የሌለው ነገር አልተናገረም። ያወጣችሁትን ሁሉ እንተካለን የሚል ሕግ ቢወጣ ደግሞ ምን እንደሚሆን የምናውቀው ነው። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ነን። ያልፈነዳ ጎማ ይፈነዳል፤ ያልተበላ ዳቦ ይበላል፤ ከወሰን 200 ኪሎ ሜትር የራቀ ወረዳም በአንድ ሌሊት የጠረፍ ወረዳ ይሆናል።

ነገር ግን ቀመሩ ራሱ ምን እንደሚለካ እንመልከት። የክልሉን የወጪ ፍላጎት ገምቶ፥ ገቢ የመሰብሰብ አቅሙን ቀንሶ፥ ጉድለቱን ይሞላል። የወጪ ፍላጎት ሲባል ትምህርት፥ ጤና፥ ውኃ፥ መንገድ፥ ግብርና፥ አስተዳደር ነው፤ ማለትም በሕግ የክልሉ የሆኑት ሥራዎች። እንግዲህ የአገር ወሰን መጠበቅ በሕግ የፌዴራል ከሆነ፥ በክልሉ ፍላጎት ውስጥ የሚቈጠርበት ምክንያት የለም። ሥራው የፌዴራል ስለ ሆነ በድጎማው አይታሰብም፤ ውክልና ስላልተጻፈ በአንቀጽ 94 አይተካም። የወዳጄ ደረሰኞች በሁለቱ አንቀጾች መካከል ባለው ክፍተት ወድቀዋል።

በሌላ በኩል ያለውም ይታይ። መተማ፥ ሞያሌ፥ ቶጎ ጫሌ፥ ጋላፊ፤ የጭነት መኪናው ሲተላለፍ የሚከፈለው ቀረጥ በአንቀጽ 96 የፌዴራል ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ቀረጥ የአንድ ኬላ ሀብት ሊሆን አይገባም። ነገር ግን መንገዱን ሌሊት የሚጠብቀው ሰው መኪናውን ያያል እንጂ ቀረጡን አያይም። በምዕራብ ጎንደር በኩል፥ በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ወደ አልፋሽጋ ሲገባ እርሻቸውን ጥለው የወጡ የሰሊጥና የጥጥ ገበሬዎች ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በዚያው በመተማ በር ስደተኛው ጎረፈ። ጦሩም ስደተኛውም በሕግ የፌዴራል ጉዳዮች ናቸው፤ ሁለቱም በመጀመሪያ የተቀመጡት ግን በወረዳው ትከሻ ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ይህን ጥያቄ ይዤ ማታ ቤት ስገባ፥ የቤት አከራዬ የእድራቸውን መዝገብ ዘርግተው ሲጽፉ አገኘኋቸው። እርሳቸው የሰፈሩ እድር ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ ትምህርታቸው ከስድስተኛ ክፍል አይበልጥም፥ በሒሳብ ግን እኔን ያስንቁኛል። «እትዬ» አልኋቸው፥ «ሰው ሲሞት ቤተ ሰቡ በመጀመሪያ አውጥቶ ነው ወይስ እናንተ ቀድማችሁ ነው የምትሰጡት?» ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፥ «ሬሳ ቤት አስቀምጦ ደረሰኝ ፈልግ የሚባል አለ እንዴ? ገንዘቡ በዚያው ቀን ይሰጣል። ለዚህ አይደል በየወሩ የምናዋጣው? መጣራቱ ከሠልስት በኋላ ነው» አሉኝ። «የሚያታልልስ?» ብላቸው፥ «አንድ ጊዜ ከሞተ ሁለት ዓመት የሆነውን አጎቱን እንደገና ሊቀብር የመጣ ሰው ነበር» ብለው ሳቁ። «እኛ ቀብር ላይ እንቆማለን። መቃብሩ አለ፥ ወይም የለም።»

እኔ የምለውም ይኸንኑ ነው። ፌዴራሉ መንግሥት ከየጠረፍ ክልሉ ጋር አስቀድሞ፥ በሰላም ቀን፥ የውክልና ስምምነት ይጻፍ። በዚያ ላይ የትኞቹ ወረዳዎች እንደ ሆኑ፥ ሠራዊቱ እስኪደርስ ድረስ ፖሊስና ሚሊሺያ ምን እንደሚያደርጉ፥ ማን እንደሚያዛቸው ይዘርዘር። ለዚህ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በወረዳው እጅ አስቀድሞ ይቀመጥ፤ ሒሳቡ በኋላ በኦዲተር ይመርመር። በውክልና የወጣ ሰው ከሞተም በደመወዝ መዝገብ ላይ ቢኖርም ባይኖርም ለቤተ ሰቡ የሚሰጠው ነገር በስምምነቱ ላይ ይጻፍ። ለዚህ አዲስ ሕገ መንግሥት አያስፈልግም፤ አንቀጽ 50ና 94 በቂ ናቸው። የቨርጂኒያን ጥያቄ፥ ማለትም እስከ ዛሬ አውጥተው ያላገኙት ምን ይሁኑ የሚለውን፥ ይህ ሐሳብ እንደማይመልስ አውቃለሁ። እርሱን የሚመልስ ሰው ካለ በዚህ ዓምድ ቦታ እለቅለታለሁ።

ለወዳጄም ይህንኑ ጻፍሁለት። መልሱ በአሥራ አምስት ቀን ደረሰኝ፤ አጭር ነው። ሐሳቤን ለወረዳው አስተዳዳሪ አንብቦላቸው፥ እርሳቸውም «ጥሩ ነው፤ ለዞን ይጻፍ» ብለዋል። የነዳጁ፥ የዳቦውና የጎማው ደረሰኝ፥ የከፈኑም ጭምር፥ በአንድ ፋይል ታስሮ በመሳቢያው ውስጥ ተቀምጧል። ፋይሉን የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ወደ መዝገብ ቤት ይወስዱት ዘንድ ጠይቀውት ነበር፤ እርሱ ግን አልሰጠሁም ይላል። ሴትዮዋ በየሳምንቱ ስትመጣ አውጥቶ የሚያሳያት ሌላ ነገር የለውም።